ቅቤው ከየት መጣ

ዘጠኝ ሴቶች ገንዘባቸውን ሲያምኑኝ ዕድሜዬ ሠላሳ ስድስት፣ ሥራዬ የሒሳብ አያያዝ መምህርነት፣ ጠባዬ ደግሞ ቁጡ ነበር። ጠባዬን ከወዲሁ የምናገረው ኋላ ለሚመጣው ነገር ስለሚያስፈልግ ነው። ሴቶቹ እኔ ከማስተምርበት ከሆሳዕና ወጣ ብሎ ያለው የዶዮገና ሰዎች ናቸው፤ አንዷ እናቴ ናት። እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ አንድ ዊጆ ውስጥ አሉ።

ዊጆ የሴቶች የቅቤ ዕቁብ ነው። በየሳምንቱ እያንዳንዷ ሴት የተወሰነ ቅቤ በኮባ ጠቅልላ ታመጣለች፤ የሁሉም ተሰብስቦ ተራ ለደረሳት ይሰጣል። አንድ ላም ብቻ ያላት ሴት ለብቻዋ የምትንጠው ቅቤ ቤት ውስጥ እየተቀነጨበ ያልቃል። በዊጆ ግን ተራዋ ሲደርስ ገበያ የሚወጣ፣ ለመስቀል የሚበቃ ቅቤ በአንድ ቀን እጇ ይገባል። ወንድ የማይገባበት ነገር ስለሆነ በልጅነቴ ከቁም ነገር ቆጥሬው አላውቅም፤ ለእኔ የዊጆ ቀን ማለት ከቤት የምባረርበት ቀን ነበር።

እነዚህ ሴቶች ከቅቤውም ከበጉም ሽያጭ ለዓመታት ጥቂት ጥቂት እየቆጠቡ ኖረዋል። አሁን አርጅተዋል። ሸክም የሚችል ወገብ፣ እንሰት የሚፍቅ ክንድ እየራቃቸው ነው፤ ልጆቻቸው ገሚሱ አዲስ አበባ፣ ገሚሱ ደቡብ አፍሪካ ነው። ገንዘቡ ጉልበታቸው ሲያልቅ የሚጦራቸው ነበር። ከመካከላቸው አንዷ አክሲዮን የሚባል ነገር እንዳለና ሰው ተቀምጦ እንደሚበላበት ሰምታ መጣች። ተመካከሩና እኔ እንድገዛላቸው ወሰኑ። አንድ ቅዳሜ ዘጠኙም ሆሳዕና ድረስ መጥተው ገንዘቡን በእኔ ሒሳብ አስገቡት።

ከባንኩ ስንወጣ ደረቴን ነፍቼ ዘጠኙንም አቮካዶ ጁስ ቤት ወሰድኳቸው። በዕድሜ ትልቋ፣ ሁሉም እማማ የሚሏቸው ሴት፣ ማንኪያው የቆመበትን ብርጭቆ ዙሪያውን አይተው “ይሄ ለጥማት ነው ለርሃብ?” ብለው ጠየቁኝ። ለሁለቱም ነው አልኳቸው። ገንዘቡ ቢጠፋ ሌላ እንደሌላቸው አውቅ ነበር። ባውቅም አልፈራሁም፤ ያመኑት ትምህርቴን ነው ብዬ ኮርቼ ነበር እንጂ።

ትምህርቱ የት ድረስ እንደነበር ልናገር። ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ያህል በስልኬ ላይ አክሲዮን መግዛትና መሸጥ እለማመድ ነበር። በእውነተኛ ገንዘብ አይደለም፤ መተግበሪያው ለልምምድ ብሎ በሚሰጠው የሐሰት ዶላር ነው። የውጭ ኩባንያዎችን ዋጋ እያየሁ በአንድ ክፍለ ጊዜና በሌላው መካከል እገዛለሁ፣ እሸጣለሁ። ዋጋው ሲወርድ ቆሽቴ ያርራል፤ እልህ ይይዘኝና እጨምራለሁ፤ ሲጨመርበት ይብስ ይወርዳል። ኖሮኝ የማያውቀውን ገንዘብ በሦስት ወር ውስጥ ጨረስኩት።

አንድ ከሰዓት በኋላ ስልኩን አልጋ ላይ ስወረውር ያዩኝ አከራዬ ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ። ከጎንደር በኩል በወጣትነታቸው በኦዲተርነት ተመድበው መጥተው፣ አግብተው ወልደው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ከበሩ ላይ ቆመው “ስልኩ ምን አደረገህ?” አሉኝ። ነገርኳቸው። አልሳቁም። ቤታቸው ገብተው የልጅ ልጃቸውን ባለ መስመር ደብተር ይዘው መጡ።

“ከመግዛትህ በፊት ለምን እንደምትገዛ እዚህ ላይ ጻፍ” አሉ። “ጽፈህ ውኃ ጠጣ። ከዚያ የጻፍከውን መልሰህ አንብበው። ካላፈርክበት ግዛ።”

መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። መጻፍ ስጀምር ግን የምክንያቶቼ ዓይነት ታየኝ። “ትናንት ስለወጣ።” “ሁሉም ስለሚገዛው።” አንዱ ገጽ ላይ፣ አሁንም አለ፣ “ስለተናደድኩ” ይላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ እኔን እንደሚመለከት ያወቅሁት ግን በዚያ ደብተር ነው። መተግበሪያው እንደ አዲስ የሰጠኝ የልምምድ ገንዘብ ከስድስት ወር በኋላ መውረዱን አቆመ። በዓመቱ ጥቂት ጨመረ። ዋናው ግን ዋጋ ወርዶ እያየሁ ሻይ መጠጣት መቻሌ ነበር። ይህን ለሌላ ሰው ቢነግሩት ትንሽ ነገር ነው። እኔን ለሚያውቅ ግን ተአምር ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ደግሞ ጋሼ የኩባንያ ዓመታዊ ሪፖርት ማንበብ ያስተምሩኝ ነበር። ከተለያዩ ባንኮች ጥቂት ጥቂት አክሲዮን ስላላቸው ሪፖርቶቹ በየዓመቱ ይመጡላቸዋል፤ መደርደሪያው ሙሉ ነው። “ከኋላ ጀምረህ አንብብ” ይሉኛል። “ፊት ለፊት ያለው ፎቶ የሠርግ አልበም ነው። ማብራሪያውን፣ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን አንብብ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።” ይቺን ተረት በአንድ ከሰዓት ውስጥ አምስት ጊዜ ይላሉ። ሀብትና ዕዳውን፣ ትርፍና ኪሳራውን እያገላበጥን እናነባለን። እኔ ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ በሕይወት ያለ ኩባንያ ሪፖርት ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት ግን ለመጀመሪያ ጊዜ እሳቸው ሳሎን ውስጥ ነው።

የጥሬ ገንዘብ ፍሰት የሚባለው መግለጫ ላይ ስንደርስ እኔ “እሱን አውቀዋለሁ” እያልኩ አልፈው ነበር። እውነቱን ለመናገር አላውቀውም። በምናስተምርበት መጽሐፍ የመጨረሻው ምዕራፍ ነው፤ ሴሚስተሩ ሁልጊዜ እሱ ጋ ሳይደርስ ያልቃል። እኔ ስማርም አልተደረሰበትም፤ እኔ ሳስተምርም አልደርስበትም። የአገሬ የሒሳብ ተማሪዎች ስንት ሆነን ያንን ምዕራፍ ሳናየው እንደተመረቅን እግዚአብሔር ይወቅ።

በዚያው ሰሞን ለእናቴ ስለ ዋጋ መውጣትና መውረድ ላስረዳት ሞክሬ ነበር። ዝም ብላ ሰምታኝ ስታበቃ ስለ ቅቤ ነገረችኝ። ዐቢይ ጾም ሲገባ የሆሳዕና ኦርቶዶክሶች ቅቤ ስለሚተዉ ዋጋው ይወድቃል። እነሱ ፕሮቴስታንት ናቸው፤ ጾሙ አይመለከታቸውም፤ ላሞቹም አይጾሙም። ስለዚህ በጾም ወራት ተራ የሚደርሳት ሴት ቅቤዋን አትሸጥም፤ አስቀምጣ ለፋሲካ ታወጣዋለች። በጾሙ መካከል ገንዘብ የቸገራት ካለች ደግሞ ሌሎቹ ተሟልተው በተሻለ ዋጋ ይገዟታል እንጂ ለነጋዴ አይሰጧትም።

“አንተ በስልክህ የምትማረው ይኼንን ነው?” አለችኝ።

“የእኔ ከዚህ ይወሳሰባል” አልኳት፤ ትንሽም ከፋኝ። ለጋሼ ሳወራላቸው ግን እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። “ለካ አርባ ዓመት ሙሉ በእኔ ጾም ሲነገድ ኖሯል” አሉ። እሳቸው በዓመት አንድም ጾም አያፈርሱም።

እንግዲህ ሴቶቹ ገንዘባቸውን ያስገቡት በዚህ ጊዜ ነው። አዲስ አበባ የአክሲዮን ገበያ ተከፍቶ ወሬው ሁሉ ስለ አክሲዮን ነበር። ጋሼ ለዓይናቸው ሕክምና አዲስ አበባ ልጃቸው ዘንድ ሄደዋል። እኔ ደግሞ አንድ ኩባንያ አግኝቻለሁ።

ኩባንያው በዚያ ገበያ የሚገኝ አልነበረም፤ አክሲዮኑን በራሱ ሠራተኞች አማካይነት በየከተማው እየዞረ የሚሸጥ የምግብ ማቀነባበሪያ ነበር። ሆሳዕና መጥተው አንድ የሆቴል አዳራሽ ውስጥ ሰበሰቡን። በጸሎት ተከፈተ፤ ፊልም ታየ፤ ክትፎ በላን። የሰጡን ሪፖርት ወረቀቱ ያብረቀርቃል። ሁለት ዓመት በተከታታይ የከፈሉት የትርፍ ድርሻ ከየትኛውም ባንክ በእጅጉ የበለጠ ነበር። ቤቴ ገብቼ በኮምፒውተር ሠንጠረዥ ሠራሁ፤ ትርፉን ለአክሲዮኑ ብዛት አካፈልኩ፤ የሚከፍሉትን ከዋጋው ጋር፣ ዘንድሮን ካምና ጋር አነጻጸርኩ። ሁሉም ያምራል። ለጋሼ ደውዬ መጠየቅ እችል ነበር። በሕመማቸው ላስቸግራቸው አልፈለግሁም ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ እውነቱ ግን መፈተን አልፈለግሁም። መጀመሪያ የራሴን፣ ለቤት መሥሪያ ያጠራቀምኩትን ሁሉ አስገባሁ። የሴቶቹን ደግሞ ሰኞ፣ ዋጋው ከመጨመሩ በፊት፣ ላስገባ ቀጠርኩ።

ቅዳሜ ፊርማቸውን ለማሰባሰብ ዶዮገና ሄድኩ። እናቴ ደጅ ላይ ተቀምጣ የወተቱን ማሰሮ እያወዛወዘች ትንጣለች። አጠገቧ በርጩማ ስቤ ሪፖርቱን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁና አስረዳኋት። በቤታችን የምንነጋገረው በከምባትኛ ነው፤ የምጽፈው በአማርኛ ቢሆንም ቃሏን ላላበላሽ እሞክራለሁ።

“ስንት ይሰጣሉ?” አለች።

“መቶ ብር ለሰጠ በዓመት ሠላሳ።”

“ጥሩ ነው። ከየት ያመጡታል?”

“ከትርፋቸው ነዋ።”

“ትርፉን አየኸው?”

“ወረቀቱ ላይ አለ፣ ይኸው።”

“ወረቀቱን አላልኩህም።” ማሰሮውን አቆመች። “ዱሮ እዚህ ዊጆ ውስጥ አንዲት ሴት ነበረች። አሁን በሕይወት የለችም። ላሟ ነጥፋባት ነበር፤ እኛ አላወቅንም። በየሳምንቱ ቅቤ ታመጣለች፣ ያውም ከሁላችን የበለጠ። ለካ ከገበያ በዱቤ እየገዛች ነው። ዱቤው ሲበዛ አዳዲስ ሴቶች ዊጆው ውስጥ አስገባች፤ ከእነሱ እየተበደረች የኛን ትከፍላለች። ቅቤው የገበያ ቅቤ ሽታ ነበረው፤ ሁላችንም ሸቶናል። ብዙ ስለነበረ ግን ማንም አልተናገረም።”

“እና?”

“እናማ እነዚህ ሰዎች የሚሰጡት ቅቤ ከላማቸው ነው ከገበያ?”

ደሜ ፈላ። ለምን እንደፈላ አሁን አውቀዋለሁ፤ መልሱን አላውቀውም ነበር። ያን ጊዜ ግን ድምፄን ከፍ አድርጌ ይህ ቅቤ አይደለም፣ ኩባንያ ነው፣ በሒሳብ መርማሪ የተመረመረ ሪፖርት ነው አልኳት። እዚያ ላይ ባቆም መልካም ነበር። “ፊደል የማትለዪ ሰው ሪፖርት ልትመረምሪ ነው?” አልኳት።

 እናቴ ማሰሮውን እንደገና ማወዛወዝ ጀመረች። “እሺ” አለች፤ “አንተ አንብበውና ንገረኝ።”

ወረቀቴን ሰብስቤ፣ አንድም ፊርማ ሳልይዝ፣ ወደ መናኸሪያ ወረድኩ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ይጠብቃል። የኋላ ወንበር ላይ ጥጌን ይዤ ተቀመጥኩና፣ እናቴ እንደተሳሳተች ሰኞ ሳይደርስ ላረጋግጥላት፣ ያንን ዘልዬው የኖርኩትን ገጽ አወጣሁ። እልህ ነበር ያስነበበኝ፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ እልህ ጠቀመኝ።

ከሥራ የገባው ጥሬ ገንዘብ በቅንፍ ውስጥ ነው። ቅንፍ ማለት ከገባው የወጣው በልጧል ማለት ነው። ያለፈውን ዓመት አየሁ፤ እሱም በቅንፍ ውስጥ ነው። ትርፍ የተባለው ሁሉ በዱቤ የተሸጠ፣ ያልተሰበሰበ ሒሳብ ነበር። ወደ ታች ወረድኩ። “ከአዲስ አክሲዮን ሽያጭ የተገኘ” የሚል ትልቅ ቁጥር አለ። ከሥሩ “ለባለአክሲዮኖች የተከፈለ የትርፍ ድርሻ” ይላል። ላሟ ከነጠፈች ሁለት ዓመቷ ነው። ለነባሮቹ የተከፈላቸው አዳዲሶቹ ያመጡት ነበር። የእኔ የቤት መሥሪያ ገንዘብ በሚቀጥለው ዓመት ሪፖርት እዚያው መስመር ላይ ይገባል፤ ሰኞ ደግሞ የዘጠኝ አሮጊቶች ጥሪት በገዛ እጄ እዚያው ሊገባ ነበር።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ለጋሼ ደወልኩ። አንድ ዓይናቸው ታሽጎ አልጋ ላይ ነበሩ።

“አንብብልኝ” አሉ። ቁጥሮቹን አነበብኩላቸው። “ደብተሩ ላይ ጽፈህ ነበር?” ብለው ጠየቁኝ።

“ጽፌ ነበር፣ ጋሼ።”

“ምን ብለህ?”

“ብዙ ስለሚከፍል።”

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። “የሴቶቹ ገብቷል?” አሉ። አልገባም አልኳቸው። “ማን አቆመህ?” አሉ። እናቴ መሆኗን ስነግራቸው “እንግዲያውስ ከሚኒባሱ ውረድና ተመለስ” አሉ፤ “ስታገኛትም በእኔ ስም እጇን ሳምልኝ።”

ወረድኩ። ልትነሳ አንድ ሰው የቀራት ሚኒባስ ሁለት ሰው ስለጎደላት ተሳፋሪው ሁሉ አጉረመረመብኝ። ዳገቱን በእግሬ ወጣሁ። እናቴ ቅቤውን አውጥታ በውኃ ታጥባለች። “ቅቤያቸው ከገበያ ነው” አልኳት። “ያንተስ ገንዘብ?” አለች። ገብቷል አልኳት። እጇን አደራርቃ ገባችና ቆጮና አይብ አቅርባልኝ “ብላ” አለች። በላሁ። ስለተናገርኩት ክፉ ቃል እሷም አላነሳች፣ እኔም ይቅርታ ለማለት አፌ አልታዘዘልኝም።

በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ዘጠኙ ሴቶች ባሉበት ሁሉንም ነገርኳቸው። ላሟ የነጠፈችባትን ሴት ሁሉም ስለሚያውቋት ማስረዳቱ አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ኮሌጅ ውስጥ አንድ ወር ይፈጅብኛል። ገንዘባቸውን ሰኞውኑ ልመልስላቸው ብዬ ነበር፤ እማማ እምቢ አሉ። “አሁን ነው ማንበብ የጀመርከው” አሉ፤ “ፈልግ፣ እኛ እንጠይቅሃለን።”

ጋሼ ዓይናቸው ሲድን ይዣቸው ሄድኩ። ዓርብ ቀን ስለነበር ሴቶቹ ተደናግጠው ያለ ቅቤ ጎመን ሠሩላቸው፤ እንዲህ ዓይነት ጎመን በሕይወታቸው ሠርተው የሚያውቁ አይመስለኝም። የሦስት ባንኮችን ሪፖርት ዘርግተን፣ እሳቸው በአማርኛ፣ እኔ በከምባትኛ እየተረጎምኩ፣ ገጽ በገጽ አነበብንላቸው። ጥያቄያቸው ሁልጊዜ የሚጀምረው ከየት መጣ ብሎ ነው። ብድር ወስደው ያልመለሱት ስንት ናቸው አሉ። ብዙ የተበደረው አንድ ሰው ቢሞት ባንኩ ምን ይሆናል አሉ። አንዷ ደግሞ፣ ስትጠይቅ አይቻት የማላውቃት ዝምተኛ ሴት፣ “ለሒሳብ መርማሪው ደመወዝ የሚከፍለው ማን ነው?” አለች። ራሱ ኩባንያው ነው ሲባል ሁሉም እርስ በርስ ተያዩ። ጋሼ ሳቅ አንቋቸው ውኃ አመጡላቸው። ወደ ሆሳዕና ስንመለስ፣ ከተማው መዳረሻ አምቢቾ ላይ፣ “ዕድሜ ልኬን እነዚህን የመሰለ ኦዲተር አልቀጠርኩም” አሉ።

አራት ወር ፈጀብን። በመጨረሻ በገሚሱ ገንዘብ የአንዱን ባንክ አክሲዮን በየስማቸው አድርገን ገዛን፤ ገሚሱ ለክፉ ቀን ተቀመጠ። የእኔ ኩባንያ በዚያው ዓመት የትርፍ ድርሻ መክፈል አቆመ። አክሲዮኔን የሚገዛኝ አላገኘሁም፤ ቤቱ ቀርቶ አሁንም የጋሼ ተከራይ ነኝ፤ ስለ ጎረቤትነቱ ግን አላማርርም። እነሆ ሁለተኛ ደብተር ላይ ደርሻለሁ። ከደመወዜ እየቆጠብኩ በአዲሱ ገበያ ጥቂት ገዝቻለሁ፣ አንዱንም አትርፌ ሸጫለሁ፤ ምክንያቱን ጽፌ፣ ውኃ ጠጥቼ። ተማሪዎቼንም የጥሬ ገንዘብ ፍሰትን ከመስከረም ጀምሬ፣ ሌላውን ሁሉ ከማስተማሬ በፊት አስተምራቸዋለሁ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ለምን ቅደም ተከተሉን እንደገለበጥኩ ጠይቆኝ ነበር፤ ረጅም ታሪክ ነው አልኩት።

ባለፈው ዓመት የሴቶቹ የመጀመሪያ የትርፍ ድርሻ ወጣ። ብዙ አይደለም። ለእያንዳንዷ የደረሳትን ይዤ ዶዮገና ወጣሁና እናቴ ቤት ተሰበሰቡ። ተራ በተራ ሰጠኋቸው። እማማ የሳቸውን ተቀብለው፣ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው፣ ወደ እናቴ ዞሩና “እንግዲህ ላምሽ ነፃ ወጥታለች” አሏት።

“የትኛዋ ላም?” አልኩ።

ሴቶቹ ሁሉ እናቴን አዩ። እናቴ መሬት መሬት አየች።

“አልነገርሽውም?” አሏት እማማ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። “ልጄ፣ ገንዘባችንን በትምህርትህ ያመንንህ መስሎህ ነበር? አንተን የምናውቅህ ልጅ ሆነህ የዶሮዎቻችንን እግር በድንጋይ ስትሰብር ነው። ማንም እሺ አላለም ነበር። እናትህ ናት ተነስታ ገንዘቡ ቢጠፋ ያለችኝን ላም ሸጣችሁ ተካፈሉ ያለችው። ዋስትናውን በሽማግሌ ፊት ነው የገባችው። እኛ ያመንነው ላሟን ነው።”

 በዚያች ቀን፣ ደጅ ላይ፣ ወረቀቱን ዘርግቼ ስጮህባት፣ ያለቻት አንዲት ላም የተያዘችው በእኔ መሆኑን እያወቀች ነው “እሺ፣ አንተ አንብበውና ንገረኝ” ያለችኝ። ላሟን ለማዳን፣ ዋስ መሆኗን በአንድ ቃል ልትነግረኝ ትችል ነበር።

“ለምን አልነገርሽኝም?” አልኳት።

“ቁጡ ነሃ” አለች። “ብነግርህ ገንዘቡን አምጥተህ ፊታቸው ትወረውረው ነበር። ከዚያ ማን ይገዛላቸዋል?”

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ ግን አልቻልኩም። ጉልበቷ ሥር ቁጭ አልኩና፣ ሁሉም እየሰሙ፣ ፊደል ስለሌላት ብዬ የተናገርኳትን ነገር በአፌ ደግሜ ይቅርታ ጠየቅኋት። በሕይወቴ ስንቱን ሰው ሳመሰግን እሷን ሳላመሰግን መኖሬንም ነገርኳት። እናቴ ሰው ፊት ሲያመሰግኗት አትወድም። ራሴን በእጇ ነካ አደረገችና “ተው አሁን፣ ተነስ” አለች፤ “እማማ እስካሁን ቆመዋል፣ ወንበር አምጣላቸው።”

ተነስቼ አመጣሁ።